መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ምን እንጠይቅ? ለብረታ ብረት ሥራ ዕቃ ለምትልኩ ሁሉ

(በሚስፈላ በወርኃዊው የመረዳጃ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። ያልተገኙ አባላት በጽሑፍ ይውጣልን ስላሉ እዚህ ታትሟል።)



 ዛሬ ጁምዓ ነው። ማዳሟን ሳምንት ሙሉ ለምና የወጣች እህት እዚህ መካከል እንዳለች አውቃለሁ። ስለዚህ ወሬ አላበዛም፣ ወደ ቁም ነገሩ እገባለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ተናገራችሁ። ወንድሜ፣ ባለቤቴ፣ ወይም ልጄ «የብየዳ ቤት ልከፍት ነው፣ ዕቃ ላኪልኝ» ብሎ ደወለ፣ ምኑን ልግዛ? አላችሁ። ኮሚቴው ደግሞ አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ፣ ተናገሪ አለኝ። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፣ ሥራዬም እንደ አብዛኛዎቻችሁ የቤት ሥራ ነው። ግን ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ብረታ ብረት ቤት ሲከፍት ዕቃውን አንድ በአንድ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነው። ቤቱ ዛሬም ይሠራል አልሐምዱሊላህ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጠየቅሁትንና ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ተመለሱ። ብዙዎቹ በአንድ ሻንጣ ነው የገቡት። አገር ቤት ሲደርሱ የሚሠራ ነገር የጠበቀው ሰው ቆመ። የላከው ብር ተበልቶ ያለቀበት ግን እንደገና የሚሄድበትን መንገድ ፈለገ። እኛም የኢቃማችን ነገር በእጃችን አይደለም። ከፊሉ ሲያድስ እንሠራለን፣ ካላደሰ እንሄዳለን። ስለዚህ የምንልከው ዕቃ ስጦታ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እኛው የምንበላበት እንጀራ ነው። ጥግ ላይ ቆሞ ዝገት የሚበላው ማሽን ከሆነ የተበላው የእኛ ጉልበት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ አይደለም

ወንድሜ መጀመሪያ የላከልኝ ዝርዝር አሥራ አራት ዕቃ ነበረው። ላሜራ የሚያጥፍ ማሽን አለበት፣ በጋዝ የሚበይድ ማሽን አለበት፣ ኮምፕረሰር አለበት። እኔ ስለ ማሽኑ ምንም አልጠየቅኩትም። «ባለፈው ወር ተቀጥረህ በምትሠራበት ቤት ምን ምን ተሸጠ? ጻፍልኝ» አልኩት። «እታለም፣ ይሄ ከዕቃው ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ጻፍ ብቻ አልኩት።

ጻፈ። ስድስት የብረት መስኮት፣ ሁለት የግቢ በር፣ አንድ አልጋ፣ የሱቅ መደርደሪያ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ብዙ ጥገና፦ የተሰበረ የጋሪ ብረት፣ የባጃጅ ወንበር፣ የወፍጮ ቤት ማጠፊያ፣ የተገነጠለ የበር ማንጠልጠያ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ላሜራ ማጠፍ ያስፈለገው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ማጠፊያ ያለው ቤት ወስደው ከፍለው አሳጥፈዋል። ግራይንደር ግን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ይፈለጋል።

ታዲያ ነገሩ በራሱ ተፈታ። በወር ሁለት ጊዜ ለሚያስፈልግ ነገር ማሽን አይገዛም፣ ኪራይ ይከፈላል። በየቀኑ ለሚያስፈልግ ነገር ግን ጥሩው ይገዛል።

ይህን በሒሳብ ላስረዳ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ማጠፊያው 60,000 ብር ነው እንበል። አንዱን ማሳጠፍ ደግሞ 500 ብር ይሁን። በወር ሁለት ጊዜ ካሳጠፉ 1,000 ብር ነው። ማሽኑ ዋጋውን ለመመለስ 60 ወር፣ ማለት አምስት ዓመት ይፈጅበታል። በአምስት ዓመት ውስጥ እኔ የት እሆናለሁ? ማሽኑስ ምን ይሆናል? በዚያው ብር ግን ሁለት ግራይንደር፣ አንድ ብየዳ ማሽንና የአንድ ወር ብረት ቢገዛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ይወጣል። እናንተም ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ከተማ ዋጋ አስሉት። ማካፈል የምትችል ሁሉ ትችለዋለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ዕቃ ላኪልኝ ሲባል «ምን ትሸጣለህ? ለማን? በወር ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ገና ለዕቃ አልደረሰም ማለት ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥሮ ይሥራ። ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ይማር፣ የብቃት ምዘናውንም ይውሰድ። ዕቃ ሙያን አይተካም።

አንድ መስኮት እንከተል

ሁለተኛው ዘዴ ይህ ነው። አንድ የብረት መስኮት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ በሐሳባችሁ ተከተሉት። ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱ መቼ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚገባ እንደምታውቁት ማለት ነው። መስኮት ስድስት ደረጃ አለው፦ መለካት፣ መቁረጥ፣ ማሰር፣ መበየድ፣ ማለስለስ፣ መቀባት። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሁነኛ ዕቃ ካለ ቤቱ ሥራ መጀመር ይችላል። አንዱ ደረጃ ባዶ ከሆነ ደግሞ የቀረው አምስቱ ምንም ያህል ቢያምር መስኮት አይወጣም።

መለካት። ጥሩ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ምልክት ማድረጊያ። እነዚህ ርካሽ ስለሆኑ ይናቃሉ። ግን ደንበኛ መስኮቱን የሚመልሰው ብየዳው ስላላማረ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ አልገባ ብሎ ነው። ስኳድራው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በአንድ በኩል ከአንዱ ጫፍ 30 ሳንቲም፣ በሌላው በኩል 40 ሳንቲም ለኩ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 50 ሳንቲም መሆን አለበት። ካልሆነ ማዕዘኑ ጠሟል። አራት ማዕዘን የሆነ ፍሬም ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱም አግድሞቹ እኩል መሆን አለባቸው። ይህን ወንድሜ ሲነግረኝ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ለካ ይሠራል አልኩ።

መቁረጥ። ሴጌቶ ይኑር፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ አያቆምም። ዋናው ግን ግራይንደር ነው። ግራይንደር በዲስኩ ስፋት ይጠራል። ትንሹ 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 230 ነው። ለጀማሪ ቤት ሁለት ትናንሽ ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ። ለምን? በአንዱ ላይ መቁረጫ ዲስክ፣ በሌላው ላይ ማለስለሻ ዲስክ ታስሮ ይዋላል። በየደቂቃው ዲስክ መፍታትና ማሰር ይቀራል፣ አንዱ ቢበላሽም አንዱ አለ። በሥራ ብዛት ትልቅ መቁረጫ ካስፈለገ ኋላ ይደረስበታል።

ማሰር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁለት ብረት ሳይነቃነቅ ካልተያዘ ብየዳው ሲሞቅ ይጎትተውና ፍሬሙ ይጠማል። ሞርሳ ያስፈልጋል፣ ጨብጠው የሚይዙ ክላምፖች ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጥ ያለ የብረት ጠረጴዛ። ጠረጴዛውን ማንም አይግዛ፣ ራሳቸው ይሥሩት። የመጀመሪያ ሥራቸው እሱ ይሁን። የራሱን ጠረጴዛ ለጥ አድርጎ መሥራት ያልቻለ ሰው የሰው በር እንዴት ይሠራል?

መበየድ። ወደዚህ እመለሳለሁ፣ ረዘም ያለ ነገር አለው።

ማለስለስ። ያው ሁለተኛው ግራይንደር፣ ሞረድ፣ የሽቦ ብሩሽ።

መቀባት። መጀመሪያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። በብሩሽ ይጀመር። ኮምፕረሰር ጥሩ ነው፣ ሥራውን ያፈጥናል፣ ያሳምራልም። ግን በወር ስድስት መስኮት ለሚሠራ ቤት ብሩሽ ያንሳል የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

ድሪል ከረሳሁ ወንድሜ ይቆጣኛል። ለማንጠልጠያና ለቁልፍ ቀዳዳ ያስፈልጋል። 13 ሚሊ ሜትር ምላስ የሚይዝ ይሁን። ወፍራም ብረት ሲበሳ በቀስታ እየዞረ፣ ጠብ ጠብ የሚል ዘይት እየተደረገበት ነው። በፍጥነት ከተጫኑት ምላሱ ይቃጠላል።

ስለ ብየዳ ማሽን

ብየዳ ማሽን ሲገዛ ሻጩ ትልቅ ቁጥር ያሳያችኋል። 300 አምፔር፣ 400 አምፔር ይላል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፣ አያጓጓችሁም። በብዛት የሚሠራው በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነው፣ እሱ ከ60 እስከ 90 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። 3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 130 ገደማ። ስለዚህ እውነተኛ 200 አምፔር ያለው ማሽን ለመስኮት፣ ለበር፣ ለቱቦላሬ ይተርፋል። «እውነተኛ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ ማሽን ላይ የተጻፈው ቁጥርና የሚሰጠው ጉልበት ይለያያል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ማሽኑ ጀርባ ወይም ጎን ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ የፐርሰንት ምልክት ፈልጉ። 60 ፐርሰንት፣ ከአጠገቡ 150 አምፔር ካለ፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ በ150 አምፔር ስድስት ደቂቃ በይዶ አራት ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። 20 ፐርሰንት ካለ ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ማሽንም እንደ ሰው ነው፣ ዕረፍት ካልሰጡት ይታመማል። ይህ ሠንጠረዥ ጨርሶ የሌለበት ማሽን ከሆነ እኔ አልገዛም።

ሁለት ዓይነት አለ። የድሮው ከባዱ በመዳብ ጥቅል የሚሠራው ነው። አዲሱ ኢንቨርተር የሚባለው ቀላሉ፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው ነው። ከባዱ ጠንካራ ነው፣ አገር ቤት ጥቅሉን መልሶ የሚጠመጥም ባለሙያ በየከተማው አለ። ኢንቨርተሩ መብራት ይቆጥባል፣ ለመሸከም ይቀላል፣ ጣራ ላይ ይወጣል። ግን ውስጡ ካርድ ነው። አቧራ ይጠላል፣ የብረት ብናኝ ይጠላል። ግራይንደር ከሚሠራበት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ በየጊዜው ይራገፍ። ወንድሜ ጋ ያለው ኢንቨርተር ነው፣ ከግራይንደሩ ተቃራኒ ጥግ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።

በጋዝ የሚበይደውስ? ብየዳው ያምራል፣ ለቀጭን ላሜራም ምቹ ነው። ግን ጋዙ ሲያልቅ የት ይሞላል? ደጅ ላይ ነፋስ ካለ ጋዙን ይወስደዋል፣ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ጋዝ የሚሞላበት ቅርብ ከተማ ላልሆነ ሰው ለመጀመሪያ አይሆንም።

ሌላው የመብራት መስመር ነው። ኢንቨርተሩ በ100 አምፔር ሲበይድ ከግድግዳው መስመር ከ15 እስከ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። ከጎረቤት በቀጭን ገመድ የተሳበ መብራት ይህን አይችልም። ገመዱ ይሞቃል፣ ቤት ይቃጠላል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት «ቆጣሪው የራስህ ነው? ብሬከሩ ስንት አምፔር ነው? ማሽኑ ሦስት ፌዝ ነው አንድ ፌዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ፌዝ ማሽን ገዝቶ አንድ ፌዝ ያለበት ሰፈር መላክ በሬ ገዝቶ መሬት እንደማጣት ነው።

ከዚህ ስትገዙ ወረቀቷን አንብቡ

አሁን በተለይ ለእኛ፣ ሳውዲ ላለነው የሚመለከተው ይህ ነው። እባካችሁ ልብ በሉ።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የዚህ አገር መብራት 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ደግሞ ድሮ 127 ነበር፣ አሁን ወደ 230 እየተለወጠ ነው። በአሮጌ ቤቶች ሁለቱንም ዓይነት ሶኬት ታያላችሁ። ስለዚህ ገበያው ላይ፣ በተለይ ሐራጅ ላይ፣ የ110 ቮልት ዕቃ ከ220ው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ርካሽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የ110ሩ ነው። ይህ ዕቃ አገር ቤት ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ጭሱን ብቻ ታያላችሁ። አንዲት እህታችን እዚሁ ያገኘችውን ግራይንደር በካርጎ ልካ የደረሰበት ይኸው ነው። የተላከለት ሰው አንድ ብረት እንኳ ሳይቆርጥበት ቀረ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ትንሽ ወረቀት ወይም ብረት ተለጥፏል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። 220–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ካለ ለሁለቱም አገር ይሆናል። 110 ወይም 127 ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት። 220 ቮልት ሆኖ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነስ? እንደ ዕቃው ነው። ካርቦን ያላቸው ሞተሮች፣ ማለት የእጅ ግራይንደርና የእጅ ድሪል፣ የኸርዙ ነገር ብዙም አይጎዳቸውም። ካርቦን የሌላቸው፣ እንደ ኮምፕረሰርና ቋሚ ድሪል ያሉት ግን በ50 ኸርዝ ፍጥነታቸው በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ይሞቃሉም። ከባዱ የመዳብ ጥቅል ብየዳ ማሽንም እንደዚሁ ይሞቃል። እነዚህን ከዚህ አትግዙ።

ሶኬቱም ይለያል። የዚህ አገር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ ሁለት ክብ እግር። ይህ ቀላል ነው፣ አገር ቤት በጥሩ ሶኬት ይቀየራል። ግን ባለ መሬት ሽቦ የሆነው፣ አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ ያለችው፣ መሬቷ እንዳትቀር። እሷ ናት ሰው ከመያዝ የምታድነው።

ባትሪ ያላቸው ድሪሎች ያምራሉ፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ። ሁለት ነገር እወቁ። ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ደግሞም ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲደክም ያው ዓይነት ካልተገኘ ድሪሉ ቆሞ ይቀራል። ለብየዳ ቤት ዋና ዕቃ አይሁን።

ከዚህ ምን ይላክ፣ ከዚያ ምን ይገዛ? እኔ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው። ቀላልና ጥሩ ጥራት የሚያስፈልገው ከዚህ፣ ከባድና ተራው ከዚያ። ሜትር፣ ስኳድራ፣ የድሪል ምላስ፣ የብየዳ ማስክ፣ የቆዳ ጓንት፣ መነጽር ከዚህ ላኩ። ከሁሉ የምወደው ደግሞ መለዋወጫ ነው። የግራይንደር ካርቦን፣ ማብሪያ ማጥፊያ። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በዚያች ምክንያት የቆመ ማሽን ያስነሳል። ብቻ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር በፎቶ አስልኩና ልክ ያንኑ ግዙ። ሞርሳ፣ መስፍ፣ ከባድ መዶሻ፣ ኤሌክትሮድ፣ ብረት አገር ቤት ይገዛ። ሞርሳ በካርጎ መላክ ለኪሎ መክፈል ነው። አዲስ አበባ ለሚቀርባቸው መርካቶ ምናለሽ ተራ አለላችሁ። ሰዉ እዚያ ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ምድጃ፣ ሳጥን፣ ባልዲ ሲሠራ ኖሯል። ያገለገለ ጥሩ ሞርሳ ከአዲስ ርካሽ ሞርሳ ይበልጣል። የመንጋጋው ጥርስ ካልተበላ፣ ብሎኑም ካልተንቀዋለለ ይገዛ።

ስለ ስም አንድ ቃል ልጨምር። እንደ ቦሽና ማኪታ ያሉ ስማቸው የታወቀ ዕቃዎች አስመሳይ አላቸው። ከእውነተኛ ሱቅ፣ በደረሰኝና በዋስትና ግዙ። ዋስትናው ግን እዚህ እንጂ አገር ቤት ላይሠራ ስለሚችል፣ ሱቁ ውስጥ አስሰክታችሁ፣ አስሞክራችሁ ነው የምትቀበሉት። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ዓይንና እጅ መለዋወጫ የላቸውም

በዝርዝሩ መጨረሻ የሚጻፈው፣ ብር ሲያንስ የሚሰረዘውም የጥበቃ ዕቃ ነው። እኔ መጀመሪያ ነው ያደረግሁት። የጥበቃ ዕቃው ሳይደርስ ብየዳ ማሽኑ አይላክም አልኩ።

የብየዳ ማስክ መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። የፀሐይ መነጽር አድርጎ መበየድ ዓይንን ማጥፋት ነው። ብርሃኑ ሲነካ ወዲያው አያምም። ማታ ላይ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። አጠገብ ቆሞ የሚያይ ልጅም ይጎዳል፣ ስለዚህ በጨርቅ ወይም በቆርቆሮ መከለል ያስፈልጋል።

ግራይንደር ላይ የዲስክ መከላከያው በፍጹም አይፈታ። በትንሹ ግራይንደር ላይ መከላከያውን ፈትተው ትልቅ ዲስክ የሚያስሩ አሉ። ትንሹ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ የ230ው ዲስክ ግን የተሠራው ወደ 6,600 ለሚሆን ዙር ነው። ይፈነዳል። ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ዲስክ ደግሞ እንደ ምግብ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ መሐሉ ባለው ብረት ቀለበት ላይ ታትሟል። ርካሽ ነው ብላችሁ ቀኑ ያለፈ ዲስክ በካርቶን እንዳትልኩ።

ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ጋልቫናይዝድ የሚሉት፣ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። የተነፈሰው ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። የሚበየድበትን ቦታ ቀድሞ መፋቅ፣ ነፋስ ባለበት መሥራት ነው። ደጅም ሆኖ ሰውየው በነፋሱ በኩል ይቁም።

ለሴቶች ደግሞ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችን ስንመለስ ራሳችን ልንበይድ እንችላለን፣ ለምን አይሆንም? እኔ አስቤበታለሁ። ናይለን ያለበት ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ይለበስ፣ ሻሹም ጥጥ ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባ። ድሪል ላይ ደግሞ ጓንትም ሆነ የሚንጠለጠል ነገር አይደረግም፣ ይጠመጥመዋል።

ዕቃው የማን ነው?

ይህን ለመናገር ከብዶኛል፣ ግን ከዕቃው ምርጫ አይለይም። ወንድም ወንድም ነው፣ ወረቀት ደግሞ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው ሲጣሉ አይደለም፣ ሲዋደዱ ነው።

እኔና ወንድሜ ያደረግነው ይህ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ በሞዴሉ፣ በተከታታይ ቁጥሩና በተገዛበት ዋጋ ተመዘገበ። ደረሰኙ በእኔ ስም ነው፣ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ። ስንት ድርሻ የእኔ፣ ስንት የእነሱ እንደሆነ በጽሑፍ ተደርጎ፣ አባታችንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ፈረሙበት። በየወሩ ከትርፉ ትንሽ ለመለዋወጫና ለዲስክ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ ቀድሞ ይደወልልኛል። የሚያስፈልገን የሕግ ውክልና ሲሆን ደግሞ ጅዳ ያለው ቆንስላችን ጋ ሄደን በሥርዓቱ መስጠት እንችላለን። ውክልናው «ማንኛውንም ነገር» የሚል ሳይሆን ምኑን እንደምትፈቅዱ በግልጽ የሚናገር ይሁን።

ሁሉም ብር ከእኛ ኪስ መውጣት እንደሌለበትም እወቁ። አገር ቤት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የሚባል አሠራር አለ። ድርጅቱ ማሽኑን ይገዛል፣ ወጣቶቹ ተደራጅተው እየሠሩ በየጊዜው ይከፍላሉ፣ ከፍለው ሲጨርሱ የራሳቸው ይሆናል። ትልቁን ማሽን በዚህ መንገድ እንዲጠይቁ አድርጉ፣ እኛ የእጅ መሣሪያውንና የጥበቃውን እንሸፍን። ትልቁን ዕዳ ራሱ የሚከፍል ሰው ማሽኑን በደንብ ይይዘዋል።

ድሮ በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ይናቅ ነበር። በእሱ ማረሻ እያረሱ፣ በእሱ ቢላ እያረዱ ስም ያወጡለት ነበር። ያ ሰው በአንድ መስፍ፣ በመዶሻ፣ በጉጠትና በወናፍ አገር አብልቷል። አራት ዕቃ ነው። ግን አራቱንም በየቀኑ ይጠቀምባቸዋል፣ ሲሰበሩም ራሱ ይጠግናቸዋል። ጠቃሚ መሣሪያ ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ መግዛት ያሰበ አባል ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ አገር ቤት ያለው ሰው ባለፈው ወር የሸጠውን ዝርዝር፣ የማሽኑን ወረቀት ፎቶ፣ የቆጣሪውን ፎቶ። ከመካከላችን ሙያው ያላቸው ወንድሞች አሉ፣ ሰናዒያ ውስጥ በብየዳ የሚሠሩ። እነሱ ከሁለት እህቶች ጋር ሆነው ያዩታል፣ በማግስቱ ይመልሳሉ። ምንም ብር አያስወጣም። ሁለተኛ፣ የዕቁባችን ብር የደረሳት እህት ዕቃ ልትገዛ ከሆነ፣ ሁለት ሰው አብሯት ገበያ ይሂድ። ብቻዋን ከሻጭ ጋር አትሟገት።

ከተስማማችሁ እጅ አውጡና ዛሬውኑ ይወሰን። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ ሌላውን ለወንድሞቻችን እሰጣለሁ። አላህ ልፋታችንን በከንቱ አያስቀረው።